ያልያዘው ፍሬን

ሰኞ ጠዋት የብስክሌት ሱቁ መዝጊያ ገና እኩሌታው ድረስ እንደተነሳ አንዲት ሴትዮ ከታክሲ ወረዱ። ሾፌሩ ጣሪያው ላይ የታሰረውን የተራራ ብስክሌት ፈትቶ እስኪያወርድላቸው አልጠበቁም። ጎንበስ ብለው በመዝጊያው ስር አለፉና ወገባቸው ሳይቃና ጩኸታቸውን ለቀቁት።

«ልጄን ልትገድሉት ነበር! ባለቤቱ የታለ?»

«እኔ ነኝ እናቴ። ይረጋጉ» አለች ባለሱቋ። አርባ አምስት ዓመቷ ነው። በወጣትነቷ በተራራ ብስክሌት ውድድር ስሟ የተጠራ ነበር። ጉልበቷ ሲበላሽ ውድድሩን ትታ ይህን ሱቅ ከነጋራዡ ከፈተች።

«ልጄ» ያሉት የሴት ልጃቸውን ባል ነው፤ የጥርስ ሐኪሙን። ብስክሌቱን ከዚሁ ሱቅ ከገዛ ሁለት ወሩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሁለቱን ፍሬኖች አጥብቆ አዲስ ሸራ ገጥሞለት ነበር። እሁድ ሐኪሙ ብስክሌቱን በመኪና እስከ ተራራው ግርጌ ወሰደው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሽቅብ ነዳው፣ ከዚያ ቁልቁለቱን ጀመረ። ገና በመጀመሪያው ኩርባ ሁለቱንም ፍሬን ቢጨብጥ ብስክሌቱ ጭራሽ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ዛሬ የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ ሶፋ ላይ ተጋድሟል።

«ቅዳሜ ይህን ፍሬን የነካው ማነው?» አሉ ሴትዮዋ።

የባለሱቋ ዓይን ሳታዝዘው ወደ ጋራዡ ጥግ ሄደ። እዚያ አንድ ቀጭን ሰው ሽርጡን እያሰረ ቆሟል።

ይህን ሰው «ሬድዮ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ደንበኛ የሚያስተናግደው የባለሱቋ ታናሽ ወንድም ነው። ቀኑን ሙሉ ድምፅ የማይወጣው ሰው ሬድዮ ካልተባለ ማን ሊባል ነው ብሎ። ሬድዮ ከአራት ወር በፊት ከመንገዱ ማዶ ካለው ሌላ የብስክሌት ሱቅ ወጥቶ የመጣ ነው። የዚያ ሱቅ ባለቤት ሽማግሌና ባለሱቋ በአንድ ውድድር ነገር ተቀያይመው ሰላምታ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ስትቀጥረው አንድ ነገር ብቻ ነበር የነገረችው፤ «ከዚያ ሱቅ ጋር ንክኪ እንዳይኖርህ»። ሬድዮ ራሱን ነቀነቀ። እሷም እሺታ ነው ብላ ወሰደችው።

ወንድሟ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሆዱ ሻክሯል። ይብሱኑ የሻከረው ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ ብስክሌት ሊገዛ በመጣ ቀን ነው። ሐኪሙ የፊትም የኋላም ንዝረት መዋጫ ሞላ ያለውን፣ ሱቁ ውስጥ ካሉት ሁሉ የከበደውንና የተወደደውን ጠቁሞ ነበር። ወንድሟ ደስ ብሎት ሊያወርድለት ሲል ሬድዮ ከጥጉ ተነሳና በሳምንት ከተናገረው የሚበልጥ ነገር በአንድ ጊዜ ተናገረ።

«ይሄ ለእርስዎ አይሆንም። በሳምንት አንዴ ነው የሚወጡት፣ መንገዱም ትልቅ ዝላይ የለውም። ሽቅብ ሲነዱ ሞላው ጉልበትዎን ይበላዋል። የፊት ሞላ ብቻ ያለውን፣ ቀለል ያለውን ይውሰዱ። ቁመቱም አንድ ቁጥር አነስ ይበል፤ በቁመትዎ ልክ ካልሆነ ኩርባ ላይ አይታዘዝልዎትም።»

ሐኪሙ አመስግኖ ቀላሉን ገዛ። ወንድሟ የዚያን ቀን ከሰዓት እህቱን ጥግ ጠርቶ «ሰውዬው የማዶዎቹ ሰላይ ነው። ገበያችንን ሊዘጋ ነው የተላከው» አላት። ሳቀችበት። የሳቀችው ግን ያን ጊዜ ነው።

ያን ሰኞ ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ብስክሌቱን ራሷ ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለችው። የፍሬኑን እጀታ ጨበጠች። ጠንካራ ነው፣ አይሰምጥም። አየር አልገባበትም፤ የትም ቦታ የፈሰሰ ዘይት የለም። ቀጥሎ ጎማውን አሽከረከረችና እንደገና ጨበጠች። ጎማው ሊቆም ሲገባው እንደ ዘበት መዞሩን ቀጠለ።

«ቅባት ነው» አለ ወንድሟ በሹክሹክታ። «ሰው ነው የቀባው።»

ሸራዎቹን ፈትታ አወጣቻቸው። ሻካራ መሆን የነበረባቸው ፊታቸው ያብለጨልጫል። ሸራዎቹ የሚጨብጡት ዲስክም ያብለጨልጫል። የሬድዮ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ የካቴና ዘይቱ ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ ወንድሟ።

«ልየው እንዴ?» የሬድዮ ድምፅ ነው። ከኋላቸው መቼ እንደደረሰ አላወቁም።

«አይ፣ አንተ ያን ሰማያዊውን ጨርስ» አለችው፤ ሸራዎቹን በወረቀት ጠቅልላ ሽርጥ ኪሷ ውስጥ እየከተተች። ሬድዮ ኪሷን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ባለሱቋ ሁሉም ነገር ተለወጠባት። ድሮ ጨዋነት የመሰላት ዝምታ አሁን ሌላ መሰላት። መሥሪያው ስር ያለችውን መሳቢያ ሁልጊዜ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ እንደሚያንጠለጥል ልብ አለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳ ልብላ ሳይል እንደሚጠፋ፣ ሰባት ሰዓት ሲሆን ጥቁር ቅባት ከእጁ እየጠረገ እንደሚመለስ ልብ አለች። ምሳ የበላን ሰው እጅ የሚያጠቁረው ምን ይሆን?

ማክሰኞ እሱ እንደወጣ የጨረሳቸውን ብስክሌቶች አንድ በአንድ አወረደች። ብሎኑን፣ ካቴናውን፣ መሪውን፣ ፍሬኑን ፈተሸች። እንከን አጣችበት። ደስ ሊላት ሲገባ ባሰባት። «አየሽ፣ እንዴት ያለ ጠንቃቃ ነው!» አለ ወንድሟ፤ እሷም ሳታስበው ራሷን ነቀነቀች። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ጥሩ ሥራም ማስረጃ ይሆናል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሁለት ደንበኞች ደውለው ቀጠሯቸውን ሰረዙ። የሴትዮዋ ጩኸት መንገዱን አዳርሶ ነበር። ባለሱቋ ራሷ በየሳምንቱ ቁልቁለት የምታስተምራቸው ሰዎች ናቸው፤ የጥርስ ሐኪሙም አብሯቸው ይማራል። «ዓይናችሁ ጎማው ላይ አይተከል፣ ወደፊት ራቅ ይበል፤ ተረከዝ ወደ ታች፣ ፍሬን በአንድ ጣት» ትላቸዋለች። «ቁልቁለት የሚወርድ ሰው አማቱ ፊት እንደቀረበ ሙሽራ ነው፤ ጎንበስ ይላል እንጂ አይቀመጥም» ስትላቸው ይስቃሉ። አሁን የሰጠቻቸውን ፍሬን ካላመኑ ምክሯን ምን ያደርጉታል?

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ተከተለችው። መንገዱን ተሻገረ። ዞር ብሎ አላየም። ከማዶው ሱቅ ጀርባ ባለችው ትንሽ በር ገባ። እሷ በጠባቡ መተላለፊያ ተጠግታ በመስኮቱ አየች። ሬድዮ ቁጭ ብሎ የብስክሌት ጎማ ያሽከረክራል፤ ሽማግሌው አጠገቡ ቆሞ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። እያነከሰች ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ሰባት ሰዓት ሲመለስ ወንድሟ በሩን ከውስጥ ዘጋው።

«ከየት ነው የመጣኸው?» አለች።

ሬድዮ አንዴ ወንድሟን፣ አንዴ በሩን አየ። «ከማዶ» አለ።

«አፍህን ሞልተህ ትናገራለህ?» አለ ወንድሟ።

«ካዩኝ ምን እደብቃለሁ?»

«እዚያ ምን ትሠራለህ?» አለች ባለሱቋ።

«ጎማ አቀናለሁ። የሽማግሌው ዓይን ደክሟል። የጎማው ቸርኬ ወዴት እንደጠመመ አይታየውም፤ ቸርኬውን የወጠረውን ሽቦ፣ ራጂውንም፣ በእጁ እየዳሰሰ ነው የሚያጠብቀው። ሥራውን የተማርኩት ከሱ ነው። በምሳ ሰዓቴ ሄጄ አግዘዋለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስቀጠር ንክኪ እንዳይኖርህ አሉኝ። ብነግርዎት ምን ይሉኝ ነበር?»

ወንድሟ ግን አልበቃውም። «መሳቢያውስ? የሚቆለፈው ምን ኖሮበት ነው?»

ሬድዮ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ መሳቢያውን ሳበው። ውስጡ በትናንሽ ወረቀት የተጠቀለሉ አሮጌ የፍሬን ሸራዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ ቀንና የደንበኛው ስም ተጽፏል። አንዱን አነሳ፤ የጥርስ ሐኪሙ ነው፣ ቅዳሜ የወጣው። «አንዴ ባልሠራሁት ጥፋት ተወቅሼ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ያወጣሁትን አልጥልም። አዲሱን ሸራ ከገጠምኩ በኋላ ሐኪሙ ራሱ በር ላይ ነድቶ ሞክሮታል። እርስዎም ቆመው አይተዋል።»

አይታ ነበር። አሁን ነው ትዝ ያላት። በር ላይ ሐኪሙ ፍሬኑን ሲጨብጥ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሁሉም ሳቀ።

«ኪስዎ ውስጥ ያለውን ይስጡኝ» አለ ሬድዮ።

ሰጠችው። ወረቀቱን ፈታና ሸራውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ከዚያ ወደሷ ዘረጋው። «ያሽትቱት።»

ሦስት ቀን ሙሉ ኪሷ ውስጥ ይዛው ዞራለች፤ አንድ ጊዜም አላሸተተችውም። የካቴና ዘይት አይደለም። የፍሬን ዘይትም አይደለም። ሎሚ ነው የሚሸተው።

«እኛ ጋ ሎሚ የሚሸት ነገር የለም» አለ ሬድዮ። በሩን ራሱ ከፍቶ ወደ ጥጉ ሄደ፤ ሰማያዊውን ብስክሌት አነሳ።

ሐሙስ ከሰዓት ወደ ሐኪሙ ቤት ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ነው። የከፈቱላት ሴትዮዋ ናቸው፤ ፊታቸውን አጥቁረው አስገቧት። ሳሎኑ ውስጥ ፊቷን የማያሳያት ዕቃ አልነበረም። ጠረጴዛው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ያበራል። ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጎን ወለሉ ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል። የብስክሌቱ ቦታ ነበር።

ሐኪሙ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ፈገግ አለ። «አሠልጣኝ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት? ቁልቁለቱ ላይ ወደ ኋላ ሳልል ቀርቼ ነው?»

«ቁልቁለቱን ሳይጀምሩ ፍሬኑን ሞክረውት ነበር?»

«ቆሜ ጨበጥኩት። ጠንካራ ነበር። ይዟል ብዬ ለቀቅኩት።»

«ቅዳሜ ከኛ ሲወጡ ሰላም ነበር። ከዚያ እስከ እሁድ ማን ነካው?»

«ማንም። እዚሁ ቆሞ ነው ያደረው።»

ሴትዮዋ ከጓዳ ሻይ ይዘው መጡ። ጠረጴዛው ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት ከሽርጣቸው አንድ ቆርቆሮ አውጥተው ፍስስ አደረጉና በጨርቅ ወለወሉት። ክፍሉን የሎሚ ሽታ ሞላው።

ባለሱቋ ቆርቆሮውን ጠቆመች። «እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የዕቃ መወልወያ ነዋ።»

«ብስክሌቱንም… ወልውለውት ነበር?»

«ታዲያስ! ከነአቧራው ነው እንዴ ሳሎን የሚቆመው? ቅዳሜ ከሰዓት ከላይ እስከ ታች ወለወልኩለት። ይልቅ ያቺን ክብ ብረት፣ ከጎማው መሃል ያለችውን፣ እንደ መስተዋት ነው ያደረግኳት። ሁለት ጊዜ ነው የነፋሁባት።»

ነገሩ ቀድሞ የገባው ሐኪሙ ነው። ዓይኑ ተከፍቶ አማቱን አየ፣ ከዚያ ሳቅ አመለጠውና ትከሻው ሲጠዘጥዘው ከሳቁ ጋር ጮኸ። ሴትዮዋ አንዴ እሱን አንዴ ባለሱቋን እያዩ ቆሙ።

«ክቧ ብረት ፍሬኗ ናት፣ እናቴ» አለች ባለሱቋ በዝግታ። «ቅባት ከነካት አትይዝም።»

ሴትዮዋ ጨርቁን እንደያዙ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ሰኞ ሱቁን ያንቀጠቀጠው ድምፅ የለም። «እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ። «ልጄን እኔ ነኝ?» እንባቸው መጣ።

«የእኔም ጥፋት አለበት» አለች ባለሱቋ። «ስሸጥላቸው ቤት ውስጥ ዲስኩን ማንም እንዳይነካው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።»

ሐኪሙ በደህና እጁ የአማቱን እጅ ይዞ «በሉ ተዉት፣ እማዬ። ጥርስ ቢሆን ተመልሶ አይበቅልም ነበር፤ አጥንት ግን ይገጥማል» አላቸው።

ደረጃውን ስትወርድ እፎይ ማለት ነበረባት። የሱቋ ስም ነጽቷል። ልቧ ላይ የከበዳት ግን የሬድዮ ፊት ነው፤ «ያሽትቱት» ሲላት የነበረው።

አርብ ጠዋት ወንድሟ ባለበት ይቅርታ ጠየቀችው። ነገሩን ሁሉ ነገረችው። ብስክሌቶቹን ተደብቃ መፈተሿን፣ መከተሏን ሳይቀር። ሬድዮ እስኪያልቅ ሰማት።

«ቂም አልያዝኩም» አለ። «ግን ሰው ተደብቆ እጄን እያየ መሥራት አልችልም።»

ቅዳሜ የጀመራቸውን ጨርሶ ሽርጡን አጥፎ ሄደ። ወንድሟ ሁለት ሳምንት ጎማ ለማቅናት ሞከረ። ያቀናው ሁሉ እንደ ሰካራም ይንገዳገድ ነበር። ሱቁ ውስጥ ግን ስለ ሬድዮ ቃል አልተነፈሰም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በሦስተኛው ሳምንት ባለሱቋ መንገዱን ተሻግራ ሬድዮ ወደተመለሰበት ሱቅ ሄደች፤ በፊት ለፊቱ በር ነው የገባችው። ሽማግሌው ዓይኑን አጥብቦ «ማነሽ?» አለ። ነገረችው። ወንበር ገፋላትና «ተቀመጪ እንግዲህ» አለ፤ የድሮውን ነገር አላነሳም፣ እሷም አላነሳችም።

ሬድዮ ከጎማው ቀና አላለም። «ሙሉ ቀን አልመጣም» አለ፤ ሳትጠይቀው። «ጠዋት እናንተ ጋ፣ ከሰዓት እዚህ። ፈትሹኝ፤ ግን እዚያው ቆሜ እያየሁ ይሁን። ከኋላዬ አይደለም።»

«እሺ» አለች።

«ወንድምዎስ?»

«እሱን ራሱን ጠይቀው።»

ሬድዮ ሰኞ መጣ። ወንድሟ መሥሪያ ጠረጴዛው አጠገብ ሦስት የጠመሙ ጎማዎች ይዞ ቆሞ አገኘው። «አበላሸኋቸው» አለው፤ አንገቱን ደፍቶ። ሬድዮ አንደኛውን ተቀበለውና ማሽከርከር ጀመረ፤ ወንድሟም እንዴት እንደሚያቀናው ለማየት ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።