ያልረጋ ስክሪን

ወደ ላው ደሴቶች የሚሄደው መርከብ የሚነሣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ካመለጠ ሌላው የሚገኘው ከወር በኋላ ነው። ኢሊሶኒ ከዚያ በፊት የደሴቶቹ ነርሶች የሚጠብቁትን በኮምፒውተር የሚያዝ የመድኃኒት መዝገብ መመሪያ አትሞ መላክ ነበረበት። መመሪያው መቶ አርባ የስክሪን ፎቶ አለው። ፎቶዎቹን የሚያነሣው እሱ ራሱ የጻፈው ፕሮግራም ነው።

የሚሠራበት የሱቫ ከተማ ቢሮ ኮምፒውተር አሮጌ ነው። አዲስ መስኮት ሲከፈት ከደብዛዛ ተነሥቶ ቀስ እያለ ይደምቃል። ፕሮግራሙ ቸኩሎ ያነሣና የመድኃኒቱ መጠን አይነበብም።

ጠዋት አንድ ዘዴ አበጀለት። ፕሮግራሙ ስክሪኑን ደጋግሞ ያያል፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አንድ ዓይነት ሆኖ ካገኘው ረግቷል ብሎ ያነሣል። ባሰ እንጂ አልተሻለም። ግማሾቹ ፎቶዎች ላይ መስኮቱ ጭራሽ የለም።

የአክስቱ ልጅ ኬሌቪ ወረቀቱን ወደ ወደብ ሊያደርስ መጥቶ የኢሊሶኒን ካሳቫ ሳይጠይቅ ይበላል። እዚያ አገር እንዲህ ያሉ ዘመዶች ታቫሌ ይባባላሉ፤ ካልተሰዳደቡ የተኳረፉ ይመስላቸዋል።

«ታቫሌ፣ ለነርሶቹ ባዶ ስክሪን ነው የምትልከው?»

«ብላና ዝም በል።»

«ያን ጊዜ ጀልባዬን ገልብጠህ ዱቄቴን ባሕር ከተህ ደግሞ ዝም በል ትለኛለህ?»

«ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር።»

«ጸጥ ያለው ማዕበሉ ገና ስላልመጣ ነዋ። በባሕሩ ድንጋይ፣ በኮራሉ መሀል የሚታለፈው ትልልቆቹ መጥተው ከሄዱ በኋላ ነው። አንተ ግን ዝም ያለ ሁሉ ያለቀለት ይመስልሃል።»

ኢሊሶኒ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ነው፤ ፕሮግራሙ ሁለቴ ሲያይ መስኮቱ ገና መከፈት አልጀመረም። አንድ ትእዛዝ ጨመረበት፤ መጀመሪያ እስኪለወጥ ይጠብቅ፣ ከዚያ እስኪረጋ።

ፎቶዎቹ ጥርት ብለው ይወጡ ጀመር። ስልሳ አንደኛው ላይ ቆሙ።

«ምን ሆነ?» አለ ኬሌቪ።

«ይጠብቃል።»

«ምኑን?»

ኢሊሶኒ ገጹን አየው። እዚያ ያለው ቁልፍ ሲነካ ስክሪኑ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። ፕሮግራሙ የማይመጣ ለውጥ እየጠበቀ ነው። በዐሥር ሰከንድ ውስጥ ካልተለወጠ እንዳለ ያንሣ ብሎ ጻፈና እንደገና አስነሣው።

ስምንት ሰዓት ላይ ወረቀቱ ታትሞ አለቀ። ኬሌቪ ወረቀቱ የገባበትን ካርቶን ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

«ቆይ» አለው ኢሊሶኒ። መጠን ያለባቸውን ገጾች አንድ በአንድ ገልጦ እያንዳንዱን ቁጥር አነበበ። ኬሌቪ በሩ ላይ ቆሞ ሲያጉረመርም ቆየ። ሁሉም ይነበባል።

«በል ሂድ» አለው።

መርከቡ ሲነሣ ካርቶኑ ተጭኖ ነበር።