ሳይደመጥ የተጫነ ድምፅ

ሰብለወርቅ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመረች ሃያ አንድ ዓመት ሆኗታል። አዲስ አበባ ውስጥ ስታስተምር ኖራ ቤተሰቧ ኑሮውን ወደ ቡራዩ ሲያዛውር እሷም እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባች። ክፍሏ ውስጥ ግማሾቹ እስከ ስምንተኛ በኦሮምኛ፣ ግማሾቹ በአማርኛ ተምረው የመጡ ናቸው። ዘጠነኛ ላይ ሁሉንም የሚጠብቃቸው እንግሊዝኛ ነው። አማርኛ የሚችሉትን በአማርኛ ደግፋ ታሻግራቸዋለች። ለሌሎቹ ያላት የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ቲማቲም ለመግዛት ይበቃል፣ ኬሚስትሪ ለማስረዳት ግን አያወላዳም።

አንድ ድርጅት ለትምህርት ቤቱ ሃያ ታብሌት የሰጠ ዓመት ከባዮሎጂው መምህር ከኢተፋ ጋር አንድ ሥራ ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በራቸውን ዘግተው፣ የእንግሊዝኛውን ትምህርት እሷ በአማርኛ፣ እሱ በኦሮምኛ እያስረዱ ይቀርፃሉ። ተማሪው ያልገባውን አንቀጽ ሲነካ በሚያውቀው ቋንቋ ይሰማዋል። ኢተፋ ልጅ እግር ቢሆንም በሥራው ቀልድ አያውቅም ነበር። የቀረፀውን ሁለት ጊዜ ሳያዳምጥ ታብሌት ላይ አይጭንም።

ሶሬቲ ከገፈርሳ ማዶ ካለ መንደር በእግሯ የምትመጣ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ለጨዋታ እንጂ ለትምህርት አይበቃም። ዘጠነኛ ክፍልን አንድ ቃል ሳይወጣት ጨርሳለች። አሥረኛ ላይ፣ ታብሌቱ በመጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጨው ውሃ ውስጥ ከሟሟ ከሚዛኑ ላይ ለምን አይቀንስም?»

ሰብለወርቅ ድምፁ የማን እንደሆነ አላወቀችውም። ዓመት ሙሉ ሰምታው አታውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሶሬቲ የመጀመሪያው ዴስክ ላይ ተቀመጠች። በፈተና ከመቶ ሃያ ሦስት ታመጣ የነበረች ልጅ ሰባ አንድ አመጣች።

ወሬው ተሰማና ከድርጅቱ እንግዶች ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ።

«ሐሙስ ናቸው» አሉ ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ቢቂላ። «ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠሩ ነው ማየት የሚፈልጉት። በሁለቱም ቋንቋ መሆን አለበት።»

የላብራቶሪው ትምህርት በኦሮምኛ አልተቀረፀም። ኢተፋ ለእህቱ ሠርግ ወደ ጊንጪ ሄዷል፤ ስልኩ ቢደወል አይነሳም። ረቡዕ ከሰዓት ሰብለወርቅ የሚተረጉምና የሚያነብ አፕ ስልኳ ላይ አወረደች። እንግሊዝኛውን አስገባችለት፤ ጥርት ያለ የሴት ድምፅ በኦሮምኛ አነበበላት። ሦስት ጊዜ ሰማችው። «ቢሻን» ሲል ውሃ እንደሆነ፣ «አሲዲ» ሲል አሲድ እንደሆነ ገባት። ደስ አላት። ጫነችው።

ሐሙስ ዕለት አምስት ጠረጴዛ ተዘጋጀ። የዓይን መከላከያ መነጽር ሁለት ብቻ ስለነበር እንግዶቹ አጠገብ ላሉት ተሰጠ። ሰብለወርቅ እንግዶቹን ይዛ አንደኛው ጠረጴዛ ላይ እያስረዳች ሳለ ከወዲያኛው ጥግ የሚንፈቀፈቅ ድምፅ ሰማች፤ ቀጥሎ ጩኸት። ዞር ስትል ሶሬቲ በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች።

ቧንቧው ሲከፈት አየር ብቻ ተነፈሰ። የውሃ ጄሪካን እስኪመጣ ስንት ደቂቃ እንደሄደ ሰብለወርቅ በኋላ ልታስታውስ ሞክራ አልቻለችም። በእንግዶቹ መኪና አዲስ አበባ ሆስፒታል አደረሷት። ግራ ዓይኗ ተረፈ፤ ቀኙ አልተረፈም።

ሰኞ ኢተፋ ተመለሰ። መምህራን ክፍል ውስጥ ታብሌቱን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ እንደገና አዳመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«‹ቢሻን አሲዲቲ ደበሊ› ነው የሚለው። አሲዱ ላይ ውሃ ጨምሪ ማለት ነው፤ ያ ነው ፈልቶ ዓይኗ ላይ የተረጨው። የእርስዎ አማርኛ ውሃው ላይ አሲድ ይላል። ‹ላይ› የምትለው ‹ቲ› ከውሃው ላይ ተነስታ አሲዱ ላይ ሄዳለች።» ቀና ብሎ አያት። «ማነው ያዳመጠው?»

«እኔ።»

«ተረድተውት?»

ኢተፋ መልስ ሳይጠብቅ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ኦቦ ቢቂላ ቃለ ጉባኤ አቀረቡላት። «ተማሪዋ መመሪያውን ባለመከተሏ የደረሰ አደጋ» ይላል። ኦቦ ቢቂላ ክፉ ሰው አልነበሩም። «እውነቱ ከወጣ ታብሌቶቹን ይሰበስቧቸዋል» አሏት። «ስድስት መቶ ልጅ ተመልሶ ጨለማ ውስጥ ይገባል። የእሷን ዓይን እንደሆነ አንመልሰውም።» ሰብለወርቅ ፈረመች። ድምፁንም ከታብሌቶቹ አጠፋችው።

በሦስተኛው ሳምንት ብርቱካንና ሙዝ ይዛ የሶሬቲን ቤት ጠይቃ ደረሰች። አባቷ ኦቦ ጉደታ ከበረንዳው ተነስተው መቀመጫ ሰጧት። ሶሬቲ ነጠላዋን በቀኝ ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «እንግዳ መጥቶ አሳፈርኩዎት። ታብሌቱ ሲናገር በደንብ አልሰማሁም መሰለኝ። እኔ ድሮም ቶሎ አይገባኝም።»

ሰብለወርቅ ያን ሁሉ መንገድ ስትመጣ እርግማንን ጠብቃ ነበር፤ ይህን አልጠበቀችም።

«በደንብ ሰምተሻል» አለች። «የነገረሽን ነው ያደረግሽው። የተሳሳተው ታብሌቱ ነው። እኔ ነኝ ሳይገባኝ የጫንኩት፤ ኢተፋን ሳልጠብቅ።»

ሶሬቲ አላለቀሰችም። በአንድ ዓይኗ አይታት ወደ ቤት ገባች።

ኦቦ ጉደታ መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። «ልጄ ሌት ተቀን ‹ጥፋቱ የእኔ ነው› እያለች ራሷን በላች። አንቺ ይህን ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስምንት ቀን» አሉ። ፍራፍሬውን አንስተው እጇ ላይ መለሱላት።

በማግስቱ ሁሉንም በደብዳቤ ጽፋ አስገባች። ኦቦ ቢቂላ እንዳሉትም ሆነ፤ ታብሌቶቹ በካርቶን ታሽገው መጋዘን ገቡ። እሷ ከላብራቶሪ ታገደች፤ የደመወዝ ቅጣትም ደረሰባት። አንድ ቀን ኢተፋን መተላለፊያው ላይ አግኝታ፣ ቢፈቅዱልን እንደገና እንጀምር ይሆን ብላ ጠየቀችው።

«እኔ ድምፄን ሳሰማ ልጆቹ ያምኑኝ ነበር» አላት። «አሁን ክፍል ውስጥ ሳስረዳ እንኳ ‹ይሄኛውስ ትክክል ነው?› ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

ሶሬቲ ወደ ትምህርት ቤቱ አልተመለሰችም። ሰበታ አክስቷ ጋ ሄደች መባሉን ሰብለወርቅ የሰማችው በግንቦት ነው። አንድ ቅዳሜ ሁለት ሚኒባስ ቀይራ፣ ፋብሪካዎቹን አልፋ፣ የአክስቷን ግቢ አገኘች። ኬሚስትሪውን በየሳምንቱ እየመጣች ልታስጠናት አስባ ነበር።

አክስቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። «ተኝታለች» አለች በትሕትና። «ደክሟት ነው።»

ከውስጥ ግን የሶሬቲ ድምፅ ይሰማል። ብቻዋን ጮክ ብላ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ታነባለች፤ አንድ ቃል ላይ ትደናቀፋለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትደናቀፋለች። ቃሉን ሰብለወርቅ ለይታዋለች። አፏን ከፍታ ልትነግራት ነበር፤ ከዚያ የአክስትየዋን ዓይን አየች።

«እሺ» አለች። «ስትነሳ፣ ‹መጥታ ነበር› በያት።»

«አይ፣ አልላትም» አለች አክስቷ፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።