ያለቀው ጤና ጣቢያ

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ወረዳዎቹ ጠረጴዛና ወንበር እንኳ ሳይሟላላቸው አንድ ነገር ግን ቶሎ ተማሩ፤ በጀት የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ መሆኑን። እስከዚያ ቀን ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ተመላሽ የሆነውን ደግሞ መልሶ የሚያገኘው የለም። ስለዚህ ሰኔ ሲጋመስ ያለቀውም ያላለቀውም ሕንፃ «ተጠናቋል» ተብሎ ይፈረምለታል፤ ኮንትራክተሩ ክፍያውን ተቀብሎ፣ ክረምቱ ሲወጣ ሊጨርስ ምሎ ተገዝቶ ይሄዳል። ሌብነት ነው ያለ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ለሕዝብ መቆርቆር ይባል ነበር፤ ጉድ እኮ ነው!

ፈየራ ከወለጋ መጥቶ አሶሳ የተቀጠረ የግንባታ ተቆጣጣሪ ነው። ከከተማው ራቅ ብሎ ካለው ተራራ ጀርባ የሚሠራው ጤና ጣቢያ ግድግዳው ብቻ ቆሞ፣ ቆርቆሮ እንዳልለበሰ በገዛ ዓይኑ አይቷል። ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ግን አለቃው አቶ ቸሩ የርክክቡን ወረቀት ገፋ አደረጉለት።

«ፈርም እንጂ ፈየራ፤ ካልፈረምክ እኮ ሕዝቡ ጣሪያውን አያገኘውም» አሉት።

እውነት መሰለው፤ ፈረመ። ኮንትራክተሩ ግን ገንዘቡን ይዞ እንደወጣ ቀረ።

ነሐሴ ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሦስት የቁጥጥር ሰዎች መጡ። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪና አያስገባም ተባለና እቦታው ድረስ አልሄዱም፤ በእግር መሄድ ለካ ቁጥጥር አይደለም። በአቶ ቸሩ ቢሮ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ፋይል ያገላብጣሉ፤ ፈየራ ቆሞ ይጠየቃል። በዚህ መሐል ከላይ እስከ ታች በዝናብ የራሰ ገበሬ በሩን ገፍቶ ገባ። ሱለይማን ይባላል፤ ከራቀ መንደር የመጣ የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛው ሴትን ከወንድ አይለይም።

«አዲስ ጤና ቤት የሚያውቅ ማነው?» አለ። ሁሉም ወደ ፈየራ ሲያዩ ወደ እሱ ዞረ። «ኡስታዝ፣ ሚስቴ ሰዕዲያ ወሩ ገብቷል። በፊት ሲወልድ ብዙ ደም ፈሰሰ። ሸርቆሌ ያለው ጤና ቤት ልውሰድ ወይስ ከተራራ ጀርባ? ወላሂ፣ ከእኛ ሁለቱም መንገድ እኩል ነው። ሰው አልቋል ይላል። አልቋል?»

አንደኛው የቁጥጥር ሰው ከፋይሉ ቀና አለ። አቶ ቸሩ ፈየራን ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ፈየራ «አላለቀም፣ ሸርቆሌ ውሰዳት» ሊል አፉን ከፈተ። ይህን ቢናገር ፊርማዬ ሐሰት ነው ማለቱ ነው፤ እንጀራው ይቀራል፣ እስርም አለ። ኋላ በረንዳ ላይ ለብቻው እነግረዋለሁ ብሎ አሰበ።

«አልቋል» አለ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ሱለይማን ወጣ።

የቁጥጥር ሰዎቹ አንድ ጥያቄ ጨመሩ፤ ከዚያም ሌላ። ፈየራ ተላቆ በረንዳው ላይ ሲደርስ ሰውየው የለም። በጭቃው እየተንሸራተተ እስከ ገበያው ሮጠ፤ አላገኘውም። መንደሩን እንኳ አልጠየቀውም ነበር። ሰዎቹ «ሥራው አመርቂ ነው» ብለው ጽፈው ሄዱ።

ከመስቀል በኋላ ሱለይማን ተመልሶ መጣ። ፈየራ ገና ሲያየው ከመቀመጫው ተነሳ። ሰውየው አልተቆጣም፤ የባሰው አለመቆጣቱ ነው።

«ሰዕዲያ ሞቷል» አለ። «ከወንድሞቼ ጋር በቃሬዛ ተሸከምን። ከተራራ ጀርባ ደረስን። ግድግዳ አለ፤ ቆርቆሮ የለም፤ ውስጡ ሳር በቅሏል። እኔ ይሄ አይደለም አልኩ። ያለቀው ሌላ ነው አልኩ። ዝናብ ነበር። ተራራውን ዞርን፣ ሰው ጠየቅን፣ ያለቀውን ፈለግን። እዚያው ቃሬዛ ላይ ሞተ።»

ፈየራ ወንበር ሳበለት።

«አሁን ደግሞ የወንድሜ ሚስት ወሩ ገብቷል» አለ ሱለይማን። «ለዚህ መጣሁ። ያለቀው ቤት የት ነው? በደንብ ንገረኝ፤ እንዳልስት።»

አቶ ቸሩ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ፈየራ በዚህ ጊዜ ወደ እሳቸው አላየም።

«የለም» አለ። «ያው ያየኸው ነው። ሳያልቅ ፈርሜ ነው። ያን ቀን ሰዎቹን ፈርቼ ዋሸሁህ።»

«ዓይኔ አይቷል» አለ ሱለይማን። «እኔ ግን አንተን አመንኩ።»