የአስተማሪው ወተት

ሁለት ላሞች አሉን፣ ወተቱን ግን እኛ አንጠጣም። እናቴ ታልባለች፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ጣሳውን አንጠልጥዬ ከተማችንን ከከበበው ግንብ በፈላና በር በኩል እወጣና ከግንቡ ውጭ ላሉ አስተማሪዎች አድላለሁ። አንዱ ደንበኛችን ኃይለመስቀል ይባላል።

ይሄ ሰውዬ ጎረቤታችንን ሰገነትን ማታ ያስተምራታል። ድሮ ደጃችን ተቀምጣ በኔ ቀልድ ስትስቅ የምታመሽ ልጅ፣ አሁን አፏን በከፈተች ቁጥር ጋሼ ኃይለመስቀል እንዳለው ሆነ ወሬዋ። አንድ ቀን ደሞ፣ የተማረ ሰው ምን እንደሚበላ ስለሚያውቅ አጥንቱ ጠንካራ ነው፣ ብላ መጣች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት።

"አጥንት ፊደል ቆጥሮ ነው እንዴ የሚጠነክረው?" አልኳት።

"አንተማ ብትወድቅ እንደ ገል ነው የምትረግፈው፣ ወርቁ።"

በነጋታው የሰውዬውን ወተት በውሃ አቀጠንኩለት። ጠጥቶ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ሥራው ሄደ። አንጀቴ መች ራሰ!

እሁድ የሰገነትን እናት ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ክርናችንን ጠረጴዛ ላይ ተክለን እንታገል አልኩት። ተው ይቅር አለ። ጠመኔ ብቻ የሚችል እጅ ነው ብዬ ነካካሁት። ሳቅ አለና መነጽሩን አውልቆ ለሰገነት ሰጣት። እሷ እንደ ጫጩት በሁለት እጇ አቀፈችው። እኔ እሱን ትቼ የሷን እጅ ሳይ ትከሻዬ ዞረ፣ ክንዴ ቋ አለ።

በገዛ ሻርፑ ክንዴን አስሮ ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱው ነው። ራጂ አነሡኝ፣ ጀሶ ለበስኩ። ሐኪሙ ቁርስህ ምንድን ነው ሲለኝ ሻይ አልኩ። ምሳስ ሲለኝ፣ ጫት ከያዝኩ ምሳ አላስታውስም አልኩት። ወተትስ ሲል፣ እሱን እንሸጣለን አልኩ። አስተማሪው አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እናቴ አንድ ኩባያ ታስቀርልኛለች። ጣሳውን ማን ያድርስ ሲባል ሰገነት እኔ አለች፣ እናቴም መረቀቻት። አሁን ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን አበጥራ፣ ጫማዋን ወልውላ ነው የምትወጣው። ወተት ለማድረስ ጫማ ይወለወላል?

ዛሬ ሌሎቹን ቤቶች አዳርሳ እሱ ቤት እንደገባች አልወጣችም አሉ። ፀሐይ ግድግዳችንን ጨርሳ አለፈች። እናቴ ኩባያውን አፌ ላይ ደቅና፣ ጠጣ እንጂ፣ አጥንትህ ይገጥማል ትለኛለች።

ገጥሞስ ምን ሊሆን? እሷ እዚያ ነች።