ከጃፓን በላይ የወጣችው መስመር

ቀይዋ መስመር ሰማያዊዋን አልፋ ወደ ላይ ስትወጣ ትሩክ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ቀይዋ ቬትናም ናት፤ ሰማያዊዋ ጃፓን። ሁለቱ አገሮች በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከውጭ ያስገቡት የጠንካራ እንጨት ጣውላ በዶላር ተሰልቶ አንድ ወረቀት ላይ ተሥሏል። በቬትናሟ የወደብ ከተማ በኩዊ ኞን ላለው የቤት ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር አኃዝ የምታጠናቅረው እሷ ናት፤ አባላቱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባሉ።

ችግሩ ስሟ መጥፋቱ ነው። እኛ ቬትናሞች አርባ አንድ ከግማሽን 41,5 ብለን በኮማ እንጽፋለን። ባለፈው ወር ከውጭ የመጣው የኮምፒውተር ፕሮግራም ኮማዋን ዋጥ አድርጎ 415 አደረጋት፤ ትሩክም ልብ ሳትል አሳተመችው። ከዚያ ወዲህ "እትዬ ኮማ" ሆና ቀረች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ኪየም ሥዕሉን አይተው ሳቁ።

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ኮማዋን በላሻት?"

"አልበላሁም ጋሼ። ሦስቴ አመሳክሬዋለሁ።"

"እኛ? ጃፓንን? ተይ እንጂ!" ሳቃቸው ጠፋ። "ስሚኝ፤ አሁንም ስህተት ከሆነ ዕቃሽን ትሰበስቢያለሽ። መስመሯን ከጃፓን በታች አድርጊያትና አምጪ። ማንም አይጠይቅሽም።"

ማንም አይጠይቅሽም! ሰው እውነትን ቁልቁል የሚጎትተው እንዲህ በቀላሉ ነው።

ትሩክ ሞተር ብስክሌቷን አስነስታ ወደብ ሄደች። ቁጥር ሰልችቷታል፤ አሁን የፈለገችው ዓይኑ ያየ ሰው ነው። አባባ ታው ከወጣትነታቸው ጀምሮ እዚያ ጣውላ ሲለኩ ኖረዋል። ሩዛቸውን እየበሉ አገኘቻቸው።

"ከጃፓን የበለጠ እንጨት ያስገባንበት ዓመት አለ አባባ?"

"ኧረ አለ! ድሮ ከአሜሪካ የሚመጣው መርከብ ጃፓን ያራግፍና ፍርፋሪውን ለኛ ያመጣ ነበር። እኔ ፍርፋሪ ስለካ አረጀሁ! ቅጻችን ላይ ራሱ 'ቀሪ ጭነት' ተብሎ ነው የታተመው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ትልቁ ጎርፍ የመጣ ዓመት፣ መርከቡ ጃፓን ትንሽ ጣል አድርጎ ሆዱን እንደሞላ እኛ ጋ ከች አለ። ያንን ሁሉ ለክቼ 'ቀሪ' ብዬ ልፈርም? ሰርዤ 'ዋና' ብዬ ጻፍኩበት። አለቃዬ ማን ፈቀደልህ ብሎ ጮኸብኝ። አንተ ና ለካው! አልኩት።"

ትሩክ ወረቀቱን ዘርግታ የጎርፉን ዓመት በጣቷ ፈለገች። ሁለቱ መስመሮች የተላለፉት እዚያው ላይ ነበር። ሁለት መንግሥታት ያጠራቀሙት አኃዝና አንድ ሽማግሌ በእስክሪብቶ የሰረዟት ቃል፣ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ተናግረዋል።

ስብሰባው ላይ ሥዕሉን መስመሯ እንዳለች ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

"ከጃፓን በታች አድርጊያት አላልኩሽም?" አሉ አቶ ኪየም በንዴት።

"ብለውኛል ጋሼ። እሱ ግን ውሸት ነው። ዕቃዬን ልሰብስብ፣ መስመሯን ግን አላወርድም።" ከዚያ ስለ ጎርፉ ዓመትና ስለተሰረዘችው ቃል ነገረቻቸው።

ኋላ ወንበር ላይ የነበሩት ወይዘሮ ኒየን፣ የወንበር ፋብሪካ ባለቤት፣ ተነሡ።

"በጎርፉ ዓመት? እኔ እኮ ያኔ ነው ሁለተኛውን የእንጨት ማድረቂያ የሠራሁት። ጣውላ ማስቀመጫ አጥቼ መኝታ ቤቴ ከምሬያለሁ!"

"እኔ ጀልባዬን ሸጬ መጋዝ የገዛሁትስ?" አለ ሌላው።

አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው ቀረቡ። እያንዳንዱ የራሱን ዓመት በጣቱ ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ጣቱን እዚያው ያቆያል። በመጨረሻ አቶ ኪየም መጡ። መነጽራቸውን አወለቁና መስመሯ ከመሬት ልትነሣ ስትል ያለችበትን ቦታ ነኩ።

"እዚህ ጋ ብቻዬን ነበርኩ" አሉ። "አንድ መላጊያ ብቻ ነበረኝ።" ጣታቸው ቀስ እያለ ሽቅብ ወጣ፤ ጫፏ ጋ ሲደርስ ክንዳቸው አጠረ። "ይኼ ሁሉ እንጨት... በኛ እጅ ነው ያለፈው?"

"በእናንተ እጅ ነው ጋሼ" አለች ትሩክ።

አቶ ኪየም ጫፏን ለመንካት ወንበር አስመጡ።