አፌ ሲደግም ልቤ የት ነበር

ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ጣቢያ ውስጥ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጬ ኖሬያለሁ። ሥራዬ የትኛው ባቡር በየትኛው መስመር እንደሚገባ፣ ስንት ደቂቃም እንደዘገየ ለመንገደኛው መናገር ነበር። መጀመሪያ ሰሞን እያሰብኩ እናገር ነበር። ኋላ ላይ ግን አፌ ራሱን ቻለ። እሱ ባቡር ሲያስገባና ሲያስወጣ እኔ ስለ ምሳዬ አስባለሁ፣ ከአለቃዬ ጋር በሐሳቤ እጣላለሁ፣ አንዳንዴም አሸልባለሁ። አንድም ሰው አሳስተኸኛል ብሎ አልከሰሰኝም። ስለዚህ ጡረታ ስወጣ፣ እኔ ኒባራን ሳማዳር፣ ለጸሎት የተፈጠርኩ ሰው ነኝ ብዬ አመንኩ። የማይደክም ምላስ ነበረኛ!

በእኛ ከተማ በናባድዊፕ ጡረታ የወጣ ሰው ወይ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሰው ያማል፣ ወይ መቁጠሪያ ይይዛል። እኔ መጀመሪያ ሁለቱንም ሞከርኩ። ከዚያ መምህሬ ፊት ቀርቤ ቃል ገባሁ፤ በየማለዳው አሥራ ስድስት ዙር ልደግም። አንዱ ዙር መቶ ስምንት ፍሬ ነው፤ በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ የአምላካችንን የክሪሽናን ስም የያዘው የጸሎት ቃል፣ ማንትራው፣ አንድ ጊዜ ይደገማል። ሥጋም፣ ሽንኩርትም፣ ዓሣም ቀረ። ዓሣ ቀረ ስል ከሳህኔ ማለቴ ነው።

አፌ ሥራውን ወዲያው ለመደ። ችግሩ ልቤ ነበር። ገና ሦስተኛው ፍሬ ላይ ሳልደርስ ሂልሳ ዓሣ በሰናፍጭ ተለውሶ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ እንፋሎቱ እየወጣ ፊቴ ይቀርባል። እሱን ስገፋው የጎረቤቴ የቢጆን ማንጎ ቅርንጫፍ አጥሬን ተሻግሮ ይመጣል፤ ልቁረጠው ወይስ ፍሬውን ጠብቄ ልብላ እያልኩ ስሟገት ዙሩ ያልቃል።

አንድ ማለዳ ባለቤቴ ሸፋሊ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች።

«አንተ! ምንድን ነው የምትለው?»

«ማንትራ ነዋ።»

«ማንትራ? ‹በሁለተኛው መስመር የሚገባው ባቡር አርባ ደቂቃ ዘግይቷል› የሚል ማንትራ አለ እንዴ?»

ከአጥሩ ማዶ ቢጆን ጥርሱን እየፋቀ ኖሯል። «ዳዳ!» አለ፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቱ ነው፤ «መንገደኞቹ ይጠብቁ ወይስ ወደ ቤታቸው ይሂዱ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤን ለመሰብሰብ ያላደረግኩት የለም። ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩ፤ የምለው ለራሴም አልሰማ አለኝና ሸፋሊ ስትጠራኝ ውላ ተኮራረፍን። ሰገነት ላይ ወጥቼ ወደ ግድግዳ ዞሬ ተቀመጥኩ፤ ግድግዳው ላይ ያለው የእርጥበት እድፍ ቁርጥ የድሮ አለቃዬን ይመስል ነበርና የሃያ ዓመት ጠባችንን ከመጀመሪያው ጀመርነው። በመጨረሻ ፍጥነት መድኃኒት ነው አልኩ። ልቤ መንገድ ሳይጀምር እኔ መድረስ አለብኝ! ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን በሰዓት ከሩብ ማጠናቀቅ ጀመርኩ።

ይህን ለቢጆን በኩራት ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ዳዳ፣ ትናንት ሰምቼሃለሁ። ጌታ ራሱ የማንን ስም እንደምትጠራ አልገባውም።»

በዚያው ሰሞን ሩማ ወደ ቤታችን መጣች። ሩማ የቺንሞዪ ዲዲ የእህት ልጅ ናት። ዲዲ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ከተማው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። በሴቶች ትምህርት ቤት አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ፣ ባል ያላገቡ፣ የማይፈራቸው ሰው የሌለ ሴት ነበሩ። ከሁለት ወር በፊት ደም አንጎላቸው ውስጥ ፈስሶ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ።

«አጎቴ፣» አለች ሩማ ለታላቅ ሰው እንደሚባለው፣ «ዲዲ የጌታን ስም መጥራት ስላቃታቸው በየጠዋቱ ያለቅሳሉ። መቁጠሪያውን በግራ እጃቸው ይዘው ዝም። እባክዎ፣ መጥተው አጠገባቸው ቢደግሙላቸው? ድምፅዎን ደግሞ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል።»

ካለችው ሁሉ የሰማሁት የመጨረሻዋን ብቻ ነበር። በማግስቱ ነጭ ልብሴን አስተኩሼ ሄድኩ።

ዲዲ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የብረት ብርጭቆና ማንኪያ ያለበት ትንሽ ጠረጴዛ አለ። ሰላምታ ሰጥቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በዚያ በታወቀ ድምፄ ጀመርኩ።

ኳ!

ማንኪያውን አንስተው ብርጭቆውን መቱት። ውኃ የፈለጉ መስሎኝ አቀረብኩላቸው፤ ፊታቸውን አዞሩ። ቀጠልኩ። ኳ! ትራሱን አስተካከልኩ። ኳ! መስኮቱን ዘጋሁ። ኳ!

ሩማ ከበር ላይ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ተማሪዎቻቸውን እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ ሲሳሳቱ ያንኳኳሉ» አለችኝ።

«ምኑን ተሳሳትኩ? አንድ ቃል አልዘለልኩም!»

«እኔ እንጃ። ዲዲን ይጠይቁ።»

ዲዲ በደህናው ዓይናቸው ያዩኛል። እንደገና ጀመርኩና ራሴን ጠበቅኩት። ሂልሳው በሰናፍጩ ብቅ ሲል፣ ኳ! የቢጆን ማንጎ አጥሩን ሲሻገር፣ ኳ! አለቃዬ ገና አፉን ሳይከፍት፣ ኳ! ላብ አጠመቀኝ። ለካ ልቤ ሲሄድ ድምፄ ሰው እንደለቀቀው ቤት ባዶ ይሆናል፤ አርባ ዓመት የሰው ድምፅ ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ ደግሞ ይህን አይስትም። ያን ቀን በአንድ ዙር ስድሳ ሦስት ጊዜ ተንኳኳብኝ። ቤት ስገባ ሸፋሊ «እንዴት ነበር?» ስትለኝ፣ «ትንሽ ጫጫታ ያበዛሉ» ብዬ አለፍኩት።

ልቀር አስቤ ነበር። ግን ሽማግሌ ሆኜ ከትምህርት ቤት ጠፋ መባልን ፈራሁ። ሄድኩ። ሃምሳ ሆነ፣ አርባ ሆነ። በአሥረኛው ቀን አንድ ሙሉ ዙር ያለ አንዲት ኳ አለቀ! ደረቴ ተነፋ። ምስጋና ፍለጋ ቀና ስል ዲዲ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል።

ነገሩ የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት የማንትራውን የመጀመሪያ ቃል «ሃሬ» ብዬ ልቀጥል ስል የዲዲ ከንፈር ሲሰበሰብ አየሁ። ቃሉን ሊያነሱት እየታገሉ ነበር። ቆምኩ። ጠበቅኳቸው። ብዙ ቆይቶ «ሃ…» የሚል ትንፋሽ ወጣ። እኔም «ሃ» አልኩ። ቆይተው «ሬ» አሉ። እንዲህ እያልን አንዲቷን ማንትራ ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደፈጀብን አላውቅም። ዲዲ የሚቀጥለውን ፊደል ከየት እንደሚያመጡት እየተጨነቅኩ አፋቸውን አፋቸውን ሳይ፣ እያንዳንዷ ድምፅ ገና ዛሬ እንደተፈጠረች ሆና ጆሮዬ ውስጥ ገባች። ሂልሳውም፣ ማንጎውም፣ አለቃዬም አልመጡም። አለመምጣታቸውን እንኳ ያወቅኩት ወጥቼ መንገድ ላይ ነው። ዓይኔን ያቃጠለኝን ነገር የመንገድ አቧራ ነው አልኩ።

ሸፋሊ ቁርሴን ስታቀርብ «ዛሬ ስንት ደገማችሁ?» አለችኝ።

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ዙር?»

«ዘጠኝ ፍሬ።»

እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። «አሞሃል?»

የቀረውን ማታ ቤቴ ሞላሁት፤ ቃል ቃል ነው። አስተዋይ ሰው ብሆን ነገሩን እዚያው በልቤ ይዤው እኖር ነበር። እኔ ግን በማግስቱ ቢጆንን አጥሩ ላይ አስደግፌ ልብ እንዴት እንደሚሰበሰብ ግማሽ ሰዓት አስተማርኩት። እሱም በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ዳዳ፣ ይህን ሁሉ ንግግር መቼ አዘጋጀኸው? ዛሬ ጠዋት ስትደግም እንዳይሆን?» አለኝ።

ሌላ መቼ ሊሆን ኖሯል!

ዲዲ ቀስ በቀስ እየተሻላቸው ሄደ። በስድስተኛው ሳምንት ስሙን ያለ እኔ እርዳታ ጠሩ፤ ሩማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ሻያችንን ቀመስ አድርገን ልክ ዙር ስንጀምር ዲዲ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ሊናገሩ ነው። ሩማ ሻይ ያቀረበችበትን ትሪ ይዛ ተጠጋች። እኔ ምርቃት ነው ብዬ ራሴን ዝቅ አደረግኩ።

ዲዲ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሻዩ… ስኳር… የለውም» አሉ።

ሩማ እየሳቀችም እያለቀሰችም ስኳር ልታመጣ ሮጠች። እስክትመለስ እኔና ዲዲ ሦስት ፍሬ አብረን ደገምን። በአራተኛው ላይ ልቤ ወደ ሻዩ ሄደ። እውነታቸውን ነው፤ ስኳር የሚባል አልነበረውም።