አፍ አፍ የሚያዩ ሴቶች

የደኅንነትና የጤና ፕሮግራሙን ለማዘጋጀት ስድስት ወር ፈጀባት። ባለሙያዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ጥግ ሁሉ አካልላዋለች፤ ብናኙን ለክታለች፣ ድምፁን ለክታለች፣ የትኛው ወለል እንደሚያዳልጥ፣ የትኛው በር እንደማይከፈት ሳይቀር መዝግባለች። ሠራተኞቹንም አንድ በአንድ ቢሮዋ እያስጠራች ጠይቃለች። ስንት ዓመት ሠራሽ? ያስልሻል ወይ? ደረትሽን ያፍንሻል ወይ? ሁሉም የተጠየቁትን መልሰው ወደ ማሽናቸው ሄዱ። ያልተጠየቀውንማ ማን አለቃ ፊት ይዘበዝባል?

ልፋቱ ሁሉ ለአንድ ሰው ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። እናቷ በጥጥ ማበጠሪያው ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ቆማለች። እዚያ ብናኙ ቅንድብ ላይ ሳይቀር ያርፋል። በተለይ ሰኞ ሰኞ፣ ከእረፍት ስትመለስ፣ ደረቷ ይጠብና ደረጃ መውጣት ያቅታታል። ሐኪሙ ሳንባዋ ከዚህ በላይ እንደማይችል ለልጇ ቁርጡን ነግሯታል። እናትየዋ ግን ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ ብላ ወይ ፍንክች። እናቷን ከብናኙ ማውጣት ያቃታት ልጅ፣ ብናኙን ከእናቷ ልታርቅ ተነሣች። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ለሁሉም ሠራተኛ ማስክ፣ ከዚያ ደግሞ ብናኝ መሳቢያ ማሽን ይላል።

ያላወቀችው አንድ ነገር ነው። የማበጠሪያው ክፍል ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል። እዚያ መጮህ ጉሮሮን በከንቱ ማድከም ስለሆነ፣ ሴቶቹ በገቡ በዓመታቸው የሰው ከንፈር ማንበብ ይለምዳሉ። ከማሽን ማዶ ለማዶ ሆነው ሐሜቱን ይሰልቁታል። ሥራ አስኪያጁ መሐላቸው ቆሞ እያለ እንኳ ቦርጩን ያሙታል፤ እሱም የሥራ ጉዳይ እየመሰለው ፈገግ ብሎላቸው ያልፋል። ከሁሉም የምትብሰው የእናትየዋ የማሽን ባልደረባ ነበረች፤ ከክፍሉ ጫፍ ሆና የሌላውን ጫፍ ወሬ ስለምታነብ ጭልፊት ይሏታል። ይህ ሁሉ ለባለሙያ የሚነገር ነገር ነው ብላ ያሰበች አንዲትም አልነበረችም። ልጅየዋም ብትሆን፣ እናቷ ቤት ውስጥ አፍ አፏን የምታያት ከፍቅር ይመስላት ነበር።

ማስኩ ሰኞ ታደለ። አውልቆ የተገኘ ይቀጣል ተባለ። ማሽኖቹ እንደ ወትሯቸው ሲያጓሩ ሴቶቹ ዝም አሉ። ባለሙያዋ በቢሮዋ መስታወት በኩል አይታ፣ ይኼ ነው ሥርዓት ብላ ደስ አላት። የዚያን ቀን ማታ እናቷ ማስኩ አልተመቸኝም ብትላት፣ ትለምጂዋለሽ ብላ ቆጣ አለችባት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ የእናትየዋ ማሽን በጥጥ ታነቀ። እንደ ልማዳቸው እናትየዋ አጥፍታው ማብሪያው ጋ ቆመች፤ ጭልፊት ከኋላ ዞራ እጇን በማሽኑ ጥርሳም ተሽከርካሪ ከበሮዎች መሐል ሰድዳ የታጨቀውን ታወጣ ጀመር። ስትጨርስ ቀና ብላ ጨረስኩ ትላለች፣ እናትየዋ ታበራለች። ዘመናቸውን ሁሉ የሠሩት እንዲህ ነው። ጭልፊት ቀና አለች። እናትየዋ ማስኩ ሲንቀሳቀስ አየች። ጭልፊት ያለችው ገና ነኝ ነበር። እናትየዋ አበራችው።

የጭልፊት ቀኝ እጅ እስከ አንጓው ተቆርጦ ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ ባለሙያዋን አስጠርቶ በማግስቱ ሪፖርት እንድታቀርብ አዘዛት፤ መንገዱንም አልደበቃትም። ጥፋቱ የሠራተኛዋ ቸልተኝነት ከሆነ እናቷ ትሰናበታለች፣ ፕሮግራሙ ይቀጥላል፣ መሳቢያውም ይገዛል። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ከሆነ ግን ማስኩም መሳቢያውም ይቀራል። ሰው እጁን ያጣበትን ፕሮግራም ለማን አቅርቤ አስፈርማለሁ አላት።

አደጋው እንዴት እንደ ደረሰ ሴቶቹን ስትጠይቅ የከንፈሩን ነገር ነገሯት። ማታ እናቷን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኘቻት።

«እማ፣ በከንፈር እንደምትነጋገሩ ምነው ሳትነግሪኝ?»

እናትየዋ ልጇ ተናግራ እስክትጨርስ አፍ አፏን አየቻት።

«መቼ ጠየቅሽኝ? ስንት ዓመት ሠራሽ አልሽኝ፣ ነገርኩሽ። ያስልሻል ወይ አልሽኝ፣ ነገርኩሽ። በይ አሁን በእኔ አሳብቢ። ያበራሁት እኔ ነኝ። አንቺ ሥራሽ አይበላሽብሽ» አለቻት።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጅየዋ ለአንድ አፍታ ልትጽፈው ቃጣት። ስድስት ወር ሙሉ የለፋችው እናቷን ከዚያ ብናኝ ለመገላገል አልነበር? አንድ መስመር ብትጽፍ ተገላገለች። ነገር ግን እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ የጓደኛዋን እጅ በቸልተኝነት ያስቆረጠች ተብላ ልትኖር ነው። ያንን ማሰብ አልቻለችም። ተቀምጣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው፣ ፕሮግራሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ ብላ ጻፈች፤ ፈረመችም።

በሚቀጥለው ሰኞ ማስኮቹ በካርቶን ታጭቀው መጋዘን ገቡ። መሳቢያው ከዕቅድ ተሰረዘ። ሴቶቹ ወሬያቸውን ጀመሩ፤ የሚያወሩት ግን ስለ ጭልፊት ብቻ ነበር። እናትየዋ ከአዲስ ባልደረባ ጋር ማሽኗ ጋ ቆማለች፤ ቅንድቧ ነጭ ሆኗል፣ በየመሐሉ ጎንበስ እያለች ትስላለች። ልጅየዋ ከመስታወቱ ኋላ ሆና አየቻት። ስሟን አተረፈችላት፣ ደረቷን ግን ለብናኙ መልሳ ሰጠችው፤ ይህን ስታስብ እንባዋ መጣ።

እናትየዋ ቀና ስትል አየቻትና አንድ ነገር አለቻት። ከንፈሯ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው ቀስ ብሎ ነበር የተንቀሳቀሰው። ልጅየዋ አልገባትም። እናትየዋ ደገመችላት። አሁንም አልገባትም። እናትየዋ ሥራዋን ትታ፣ ዓይኗን ሳትነቅል መልስ ትጠብቃለች።

ልጅየዋ እንደ ገባው ሰው ራሷን ነቀነቀች።